በእርስ በርስ ጦርነት ለሚፈጸም ግፍ የውጭ መንግሥት ምን ሊያደርግ ይችላል?

የቀሃ ዳር (ጠያቂ)

እንደምን ሰነበታችሁ? ጎንደር ውስጥ በማራኪ ግቢ ሕግ የምማር ነኝ፤ ጥያቄዬ ግን የተነሣው ከመማሪያ ክፍል ሳይሆን ከቡና ላይ ነው። በግቢያችን አንዱን ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የሱዳን ቤተሰብ አለ፤ ከኦምዱርማን ተነሥተው በጋላባትና በመተማ በኩል የገቡ ናቸው። አባወራው በአገራቸው መምህር ስለነበሩ ሰፈሩ በሙሉ «ኡስታዝ» ነው የሚላቸው። ባለፈው እሑድ እናቴ ቡና አፍልታ ጠርታቸው ስለ ሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ ወዲህ በክልላችን ስለተከተለው ነገር ስንጨዋወት፣ እኔ እንደ ልማዴ «ያ ሁሉ ሰው ሲያልቅ የውጭ መንግሥታት ምን አደረጉልን?» ብዬ አማረርሁ። ኡስታዙ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «የእናንተ መንግሥትስ ለእኛ ምን አደረገልን?» አሉኝ። ነቀፌታ አልነበረም፤ በእውነት ማወቅ የፈለጉ ይመስሉ ነበር። «የውጭ መንግሥት» የሚለውን ቃል እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለራሳችን ሰጥቼው ስለማላውቅ የምመልሰው አጣሁ።

ስለዚህ ልጠይቃችሁ። አንድ አገር በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ሆኖ ሰላማዊ ሰው ሲገደል፣ ሴቶች ሲደፈሩና እህል ሲቃጠል፣ የሌላ አገር መንግሥት በሕግም በተግባርም ምን የማድረግ አቅም አለው? ከሚወሰዱት እርምጃዎች መካከል በእርግጥ የሰው ሕይወት ያተረፉት የትኞቹ ናቸው፣ የራስን ኅሊና ለማሳረፍ ብቻ የተደረጉትስ የትኞቹ? የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 2(7) በውስጥ ጉዳይ መግባትን ይከለክላል፤ የአፍሪካ ኅብረት ማቋቋሚያ ሰነድ አንቀጽ 4(ሸ) ደግሞ ጣልቃ መግባትን ይፈቅዳል። ሁለቱ እንዴት እንደሚታረቁ የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል። በእኛ ጦርነት ማን ማንን በደለ የሚለውን ክርክር ግን ለሌላ ቀን እንድትተዉልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ዘአንገረብ

ጤና ይስጥልኝ። በጥብቅና ሙያ የቆየሁ ነኝ፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉን በአጭሩ ልለፈው፤ ችግሩ ያለው እዚያ ስላልሆነ። የእርስ በርስ ጦርነት የአንድ አገር የግል ጉዳይ መሆኑ ያበቃው ቢያንስ በ1949 ነው። በዚያ ዓመት የወጡት አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶች የሚጋሩት አንቀጽ 3፣ መንግሥትም ሆነ ዐማፂ መሣሪያ ያልያዘን ወይም የጣለን ሰው መግደል፣ ማሠቃየትና ማገት እንደማይችል ይደነግጋል፤ የጋራው አንቀጽ 1 ደግሞ ፈራሚ አገሮች ራሳቸው ማክበር ብቻ ሳይሆን ሌላውም እንዲያከብር የማድረግ ግዴታ አለባቸው ይላል። አንድ መንግሥት ጎረቤቱን «ሰላማዊ ሰው አትግደል» ቢለው በሰው ጓዳ ገባ አያሰኘውም። አንቀጽ 2(7) ራሱም በቻርተሩ ምዕራፍ 7 መሠረት ሰላምን ለማስከበር የሚወሰድን እርምጃ አይመለከትም፤ በጦር ኃይል መግባት የሚቻለው ግን የፀጥታው ምክር ቤት ሲፈቅድ ነው፣ በዚያ ላይ ደግሞ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ያላቸው አምስት አገሮች ተቀምጠዋል። በ2000 የጸደቀው የኅብረቱ አንቀጽ 4(ሸ) በጦር ወንጀል፣ በዘር ማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ በሚፈጸም ወንጀል ጊዜ ጣልቃ መግባትን ይፈቅዳል፤ ሆኖም በ2015 መጨረሻ የኅብረቱ የሰላምና ፀጥታ ምክር ቤት 5,000 ወታደር ወደ ቡሩንዲ እንዲላክ ወስኖ ሳለ፣ በቀጣዩ ጥር አዲስ አበባ የተሰበሰቡት መሪዎች የቡሩንዲን እንቢታ ተቀብለው ነገሩን አስቀርተውታል። አንቀጹ አለ፤ የሚያነሣው ጠፋ እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በእኔ እምነት አንድ የውጭ መንግሥት በመጀመሪያ ራሱን መጠየቅ ያለበት «ምን ላድርግ?» ብሎ ሳይሆን «እስካሁን ምን እያደረግሁ ነው?» ብሎ ነው። የውጭ እጅ ያልገባበት የእርስ በርስ ጦርነት እምብዛም አይገኝም፤ ጥይቱን የሚሸጥ፣ ሰው አልባ አውሮፕላኑን የሚያቀርብ፣ ነዳጁን የሚያሳልፍ፣ የአውሮፕላን ማረፊያውን የሚያውስ፣ የተዘረፈውን ወርቅ የሚገዛ ሁልጊዜ አለ። እነዚህ አገሮች ግፉን ለማስቆም አዲስ ነገር መጀመር አያስፈልጋቸውም፤ የጀመሩትን መተው ይበቃቸዋል። ይህ የእኔ ስብከት ብቻ አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2007 በቦስኒያና በሰርቢያ ጉዳይ ሲፈርድ፣ ሰርቢያ በቦስኒያዋ ስሬብሬኒካ የተፈጸመውን የዘር ማጥፋት የመከላከል ግዴታዋን አልተወጣችም ያለው፣ በገዳዮቹ ላይ ከማንም የበለጠ ተሰሚነት እያላት ምንም አላደረገችም በሚል ምክንያት ነው። ፍርድ ቤቱ የመከላከል ግዴታ በተሰሚነት ልክ እንደሚመዘን ነው ያስቀመጠው። በ2014 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው የጦር መሣሪያ ንግድ ስምምነትም፣ መሣሪያው ለዘር ማጥፋት ወይም ለጦር ወንጀል እንደሚውል እያወቀ መሸጥን ለፈራሚዎቹ ይከለክላል።

የሱዳንን ነገር በዚህ ሚዛን ይመልከቱት። የፀጥታው ምክር ቤት ከ2004 ጀምሮ የጣለው የጦር መሣሪያ እገዳ የሚመለከተው ዳርፉርን ብቻ ነው። ኸርጡም፣ ኦምዱርማን፣ ገዚራ ከእገዳው ውጭ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት ያቋቋመው አጣሪ ቡድን እገዳው በመላ ሱዳን እንዲሆን በ2024 ጠይቋል፤ ኡስታዙ ከመጡበት ከተማ ላይ ለሚተኮሰው መሣሪያ ግን ይህ እስኪሆን በሩ ክፍት ነው።

ጡረተኛው የታሪክ መምህር

ጠበቃው ያሉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ታሪክ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ በወረቀት ላይ ያለኝ እምነት አነስተኛ ነው። የእርስ በርስ ጦርነት ባይሆንም ማዕቀብ የሚባለውን ነገር ቀምሰን የጀመርነው እኛው ነን። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ሲወረን የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፤ ከማዕቀቡ ውስጥ ግን ነዳጅ አልነበረበትም፣ የስዊዝ ቦይም ለወራሪው መርከቦች ክፍት ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ዓመት ሰኔ ጄኔቫ ላይ ቀርበው አቤት ካሉ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ማኅበሩ ማዕቀቡን ጭራሽ አነሣው። የሚጎዳው ነገር ተለይቶ የሚወጣበት ማዕቀብ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አዲስ ነገር አይደለም።

ወደ ርስዎ ጥያቄ ስመለስ፣ የከፋው ስሕተት የጦር ኃይል መላኩም አለመላኩም ሊሆን እንደሚችል የሩዋንዳና የሊቢያ ታሪክ ጎን ለጎን ያሳያል። በሚያዝያ 1994 (እንደ አውሮፓውያን) ሩዋንዳ ውስጥ ሰው በገጀራ እየታረደ ሳለ የፀጥታው ምክር ቤት በዚያ የነበረውን የሰላም አስከባሪ ኃይል ወደ 270 ሰው ዝቅ እንዲል ወሰነ፤ ጅቡ ገና ሳይሄድ ውሻው ሸሸ ማለት ነው። በመጋቢት 2011 ደግሞ በአሥር ድምፅ ድጋፍና በአምስት ድምፀ ተአቅቦ ሊቢያ ውስጥ ሰላማዊ ሰው ለመጠበቅ አየር ኃይል ተፈቀደ፤ ጥበቃው መንግሥት ወደ መገልበጥ ዞረ፣ አገሪቱም ሁለት ሦስት ቦታ ተከፈለች፣ መሣሪያዋም እስከ ማሊ ወረደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ይህ ነው። ጉዳቱም በሊቢያ አላበቃም፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት የሶርያ ነገር ሲቀርብ ሩስያና ቻይና የውሳኔ ሐሳቡን ሲጥሉት፣ ሩስያ የሊቢያውን ነገር በግልጽ እያነሣች ነበር።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በእኛም ላይ የደረሰው ያው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ወደ 88 ሚሊዮን ዩሮ የሚሆን የበጀት ድጋፍ ያዘ፤ አሜሪካ ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን የአፍሪካ ሸቀጥ ያለ ቀረጥ ከሚገባበት ከአጎዋ አስወጣች። ጦርነቱ ግን በዚያው ዓመት ነሐሴ እንደገና ተቀሰቀሰ። ከአጎዋ መውጣቱ ሥራ ያሳጣው ሐዋሳ ላይ ልብስ ስትሰፋ የነበረችውን ልጅ እንጂ አዝማቹን አይደለም።

ጨለምተኛ እንዳልባል አንድ ነገር ልጨምር። የውጭ መንግሥት በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ላይ የሠራው በጎ ነገር ካለ አንዱ የተሠራው አዲስ አበባ ነው። በየካቲት 1964 ዓ.ም. የፕሬዚዳንት ኑሜይሪ መንግሥትና የደቡቡ አንያንያ ታጣቂዎች በአብያተ ክርስቲያናት ሸምጋይነትና በንጉሠ ነገሥቱ አስተናጋጅነት ታረቁ፤ ያ እርቅ 11 ዓመት ያህል ቆየ። አሥራ አንድ ዓመት ጥቂት አይደለም፤ በዚያ ዘመን የተወለደ ልጅ አምስተኛ ክፍል ይደርስበታል።

ገንዳ ውሃ ነዋሪ

ስለ ሕጉም ስለ ታሪኩም የበለጠ የሚያውቁ ጽፈዋል፤ እኔ በዓይኔ ስላየሁት ብቻ ልጻፍ። ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ኸርጡም ላይ ሲፈነዳ የመተማን ድልድይ ተሻግሮ የሚገባውን ሰው በማስተናገድ ሥራ ላይ ነበርሁ። ሱዳናዊው፣ ኤርትራዊው፣ ከሱዳን የሚመለሰው የራሳችን የቀን ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ሰልፍ ይቆም ነበር። ኡስታዙ «ምን አደረጋችሁልን?» ላሉት ከሁሉ በፊት የሚሰጠው መልስ በሩ አልተዘጋም የሚለው ነው። ይህን ማቃለል አይገባም፤ የግድያ ጦርነት ባለበት አገር ለሚኖር ሰው የውጭ መንግሥት ሊሰጠው ከሚችለው ነገር ሁሉ ቅድሚያ ያለው ክፍት ድንበር ነው፣ ለዚህም የፀጥታው ምክር ቤት ድምፅ አያስፈልግም።

ነገር ግን በር ከፍቶ ጓዳውን መርሳት አለ። የኩመርና የአውላላ ጣቢያዎች የተተከሉት የታጠቀ ሰው በሚዘዋወርበት፣ የእኛው የራሳችን ግጭት ባልበረደበት ቦታ ነው። በግንቦት 2024 ከአውላላ ከአንድ ሺህ በላይ ስደተኞች ዘረፋውንና ጥቃቱን መቋቋም አቅቷቸው ጣቢያውን ለቀው በመንገድ ዳርና በጫካ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ከጦርነት የሸሸን ሰው ሌላ ጦርነት አጠገብ አስፍሮ «ተቀብለናል» ማለት ግማሽ ሥራ ነው። ለዚህ ግማሽ ሥራ ተጠያቂዎቹ እኛ ብቻ አይደለንም፤ ገንዘብ አዋጣለሁ ብለው የቀሩ ሀብታም መንግሥታትም የውጭ መንግሥታት ናቸው፣ የድንኳኑና የእህሉ ጉድለት የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያነሣውም። ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 እና በ2018 የፀጥታው ምክር ቤት አባል ነበረች። በሐምሌ 2018 በደቡብ ሱዳን ላይ የጦር መሣሪያ እገዳ ይጣል ተብሎ ሲቀርብ ውሳኔው በሚያስፈልገው አነስተኛ ድምፅ ማለትም በዘጠኝ ሲያልፍ፣ ድምፀ ተአቅቦ ካደረጉት ስድስቱ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የተሰጠው ምክንያት በጊዜው ይካሄድ የነበረው ድርድር ይሰናከላል የሚል ነው፤ ከሁለት ወር በኋላም በመስከረም አዲስ አበባ ላይ የሰላም ስምምነት ስለተፈረመ ምክንያቱ ባዶ ነው ልል አልችልም። ነገር ግን ሌሎች በእኛ ጉዳይ ተመሳሳይ ምክንያት ሲሰጡ እንዴት እንደምንቆጣ አስታውሳለሁ።

ዘአንገረብ

መምህሩ ስለ አጎዋ ያሉትን እቀበላለሁ፤ የመደምደሚያቸውን ግማሽ ግን አልቀበልም። ግፊት ሁሉ ከንቱ ቢሆን ኖሮ ተዋጊዎች እሱን ለመሸሽ ያን ያህል ባልደከሙ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት የአፍሪካ ኅብረት የመራው ሲሆን አሜሪካ፣ የተባበሩት መንግሥታትና የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ድርጅት የሆነው ኢጋድ በታዛቢነት ነበሩ። የጦር ሜዳው ሁኔታ ዋናውን ሥራ እንደሠራ አልክድም፤ ነገር ግን ከውጭ የታጠፈው ገንዘብ እንደሚመለስ ያለው ተስፋ በጠረጴዛው ላይ አልነበረም ብሎ መከራከር ያስቸግራል። ማዕቀብ ሲጣል መውጫ በሩ አብሮ ካልተነገረ ቅጣት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ «ይህን ካቆምህ ይህ ይመለስልሃል» ተብሎ ለአዛዡና ለገንዘብ ያዡ በስም ሲነገር ግን ሌላ ነገር ነው። ስሕተቱ አገርን በጅምላ መቅጣት ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ማዕቀቡ ሳይሆን መዝገቡ ነው። በታኅሣሥ 2021 የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት ስለ ኢትዮጵያ የባለሙያዎች ኮሚሽን ያቋቋመው በ21 ድጋፍ፣ በ15 ተቃውሞና በ11 ተአቅቦ ነው። መንግሥታችን አልተባበረም፤ በጥቅምት 2023 ደግሞ የሥራ ዘመኑን ያራዝም የሚል አገር ሳይነሣ ኮሚሽኑ ተዘጋ። የተዘጋበትን ወር ልብ በሉልኝ፦ ነሐሴ ላይ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ጎንደርን ጨምሮ በየከተማው ውጊያ ከተጀመረ ሁለት ወር እንኳ በቅጡ አልሆነም። የውጭ መንግሥታት በዚያ ወር ወታደር እንዲልኩ የጠየቃቸው የለም፤ የሚጽፍ ሰው እንዳያነሡ ነበር የሚፈለገው፣ እሱንም ዝም ብለው አሳለፉት።

መዝገብ ለምን ይጠቅማል ለሚል፣ ጀርመንን ይመልከት። ሶርያ ላይ የፀጥታው ምክር ቤት ድምፅን በመሻር በተደጋጋሚ ሲታገድ ጠቅላላ ጉባኤው በታኅሣሥ 2016 ማስረጃ የሚሰበስብ አካል አቋቋመ። በጥር 2022 ደግሞ ኮብሌንዝ ከተማ ያለ የጀርመን ፍርድ ቤት ደማስቆ ውስጥ ያለ ማሰቃያ እስር ቤት ምርመራ ኃላፊ የነበረውንና በስደተኝነት ጀርመን የገባውን አንዋር ራስላንን በዕድሜ ልክ እስራት ቀጣው። ከቀረበበት ማስረጃ መካከል አንድ ወታደራዊ ፎቶ አንሺ በድብቅ ያወጣቸው የአስከሬን ፎቶዎች ይገኙበታል። ወንጀሉ የተፈጸመበት አገር መንግሥት ያኔ ገና በሥልጣን ላይ ነበር።

የቀሃ ዳር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጨረሻውን መልስ ካነበብሁ በኋላ ትናንት ማታ ለኡስታዙ እንደምንም ብዬ አስረዳኋቸው። ስለ ምክር ቤቱና ስለ ድምፁ ስነግራቸው በጨዋነት ሰሙኝ፤ ስለ ፎቶዎቹ ስነግራቸው ግን ተነሥተው ክፍላቸው ገቡና ስልክ ይዘው ተመለሱ። በ2023 የበጋ ወራት ከሰፈራቸው ሳይወጡ ያነሷቸው ብዙ ፎቶዎችና ጥቂት ቪዲዮዎች አሏቸው፤ ጎረቤቶቻቸው ቤት የገቡት ታጣቂዎች ፊትና የመኪኖቻቸው ምልክት ይታያል። «እነዚህን ለማን ልስጥ?» አሉኝ። ፌስቡክ ላይ ልለጥፍላቸው አስቤ ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን ልጠይቃችሁ አልሁ።

ዘአንገረብ

እባክዎ አይለጥፉት። በመጀመሪያ ኦምዱርማን የቀሩ ዘመዶች ይኖሯቸው ይሆናል፤ ሁለተኛም ለሕዝብ የተበተነ ምስል እየተቆረጠና እየተቀዳ ሲዞር ለፍርድ ቤት ያለው ዋጋ ይቀንሳል።

የት ይሄዳል ለሚለው፣ ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ ብዙ ነገር ይወስናል። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በሱዳን ላይ ያለው ሥልጣን በ2005 የፀጥታው ምክር ቤት የመራለት የዳርፉር ጉዳይ ብቻ ስለሆነ የኦምዱርማኑ ነገር ወደዚያ አይደርስም። በጥቅምት 2023 የተቋቋመው የሱዳን አጣሪ ቡድን ግን የሚመለከተው ሚያዝያ ላይ ከተነሣው ጦርነት ጀምሮ በመላ አገሪቱ የተፈጸመውን ነው፤ ኡስታዙ ከፈቀዱ ራሳቸው በዐረብኛ ጽፈው ሊልኩለት ይችላሉ። ለክፍልዎ ውይይት ደግሞ አንድ ነገር ያንሡ፦ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 17 በውጭ አገር የተፈጸመ ዓለም አቀፍ ወንጀል እዚህ እንዲዳኝ በር ይከፍታል፣ አንቀጽ 269 እና 270 ወንጀሎቹን ይዘረዝራሉ። የዘር ማጥፋት ስምምነትን በ1949 ከዓለም ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችውም ኢትዮጵያ ናት። ከእነዚያ ታጣቂዎች አንዱ ነገ በመተማ በኩል ስደተኛ ነኝ ብሎ ቢገባ የእኛ ዐቃቤ ሕግ ምን ያደርግ ይሆን? ኡስታዙ የጠየቁዎትን ጥያቄ በትክክል የሚመልሰው ይህ ይመስለኛል።

እስከዚያው ዋናው ፋይል ከስልኩ እንዳይጠፋ፣ እንዳይቆረጥና ቀለሙ እንዳይነካ፤ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ወይም ቪዲዮ መላክ ፋይሉን ስለሚያሳንሰውና የተነሣበትን ሰዓት ስለሚያጠፋው በገመድ ወደ ፍላሽ ይቅዱት። ለእያንዳንዱ ምስል ማን እንዳነሣው፣ በየትኛው ቀንና ከየትኛው መስኮት ሆኖ እንደሆነ ኡስታዙ በራሳቸው እጅ ይጻፉ። ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ግን እርስዎ አይጠይቁ፤ አንድ ሰው ያየውን ለተለያየ ጠያቂ ደጋግሞ ሲናገር ቃሉ መለዋወጡ አይቀርም፣ በችሎትም ላይ የሚያስጥለው ያ ነው።

ጡረተኛው የታሪክ መምህር

ጽሑፉን የሚያግዝ ሰው ካስፈለገ ዐረብኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ። በደርግ ዘመን ገዳሪፍ ስድስት ዓመት በስደት ስኖር የተማርሁት ነው፤ ያስተማረኝም ቤቱን ያከራየኝ የሱዳን መምህር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ፤ ኡስታዙ ደስ ካላቸው ፍላሹን ይዛችሁ ኑ።